የ2 ዓመት ልጅ «ክላስ» ያስፈልገዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ገና በቅጡ መሮጥ ያልጀመረ ልጅ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ በባጃጅ ወደ ክላስ ሲወሰድ ማየት ብርቅ አይደለም። አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ዳንስ፣ ሌላው ዋና ይመዘገባል። ይዘውት የሚሄዱት ወላጆች ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ሰንብተው ዓይናቸው ቀልቷል። ወላጅን ከአልጋው ቀስቅሰው ወደዚያ የሚያስሮጡትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሦስት ዓመት ሳይሞላው ካልጀመረ ወደኋላ ይቀራል»

አይቀርም። የልጅ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣም በፍጥነት ያድጋል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን በ3ኛ ዓመት ልደቱ ማግስት የሚዘጋ በር የለም። በዚህ ዕድሜ አንጎል የሚፈልገው ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ጨዋታና የሚያናግረው ሰው ነው። በአገራችን ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። ምን ያጣድፈናል?

«እንግሊዝኛን ካሁኑ በክላስና በካርቱን መልመድ አለበት»

እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕጻናትን ማንዳሪን ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዳንዶቹን ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በመጽሐፍና በአሻንጉሊት አጫወታቸው። ሌሎቹ ያንኑ በቪዲዮ አዩ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልያዙም። ለትንሽ ልጅ ቋንቋ የሚገባው ዓይን ዓይኑን እያየ ከሚያወራው ሰው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከብዙ ልጆች ጋር ሆኖ «አፕል፣ ባናና» ማለት ጉዳት የለውም፤ ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ሐዋሳ ውስጥ እናት አማርኛ፣ አያት ሲዳምኛ፣ ጎረቤት ወላይትኛ የሚያወሩበት ግቢ ሞልቷል። አንዳንድ ወላጆች ግን «ይምታታበታል» ብለው አያትየዋ በቋንቋዋ እንዳታናግረው ይከለክላሉ። ከዚያ ለእንግሊዝኛ ክላስ ይከፍላሉ! አይምታታበትም። ለጊዜው ቃላት ሊያደባልቅ ይችላል፤ ያ ጤናማ ነው። እባካችሁ፣ አያቱ በቋንቋዋ ታውራው።

«ከእኩዮቹ ጋር መጫወት የሚማረው ክላስ ገብቶ ነው»

የ2 ዓመት ልጆች በአብዛኛው ጎን ለጎን ነው የሚጫወቱት፤ እያንዳንዱ የራሱን ይሠራል። ተራ መጠበቅና ማካፈል ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ክላስ ውስጥ ኳስ ስለነጠቀ ልጃችሁ ባለጌ አይደለም። እኩዮቹን ለማየት የጎረቤት ልጅም ይበቃዋል።

«ዝም ብሎ መጫወት ጊዜ ማባከን ነው»

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ አንድን ልጅ ረጋ ብላችሁ እዩት። ባዶ ሃይላንድ አግኝቷል። ሳር ይነጭና በጠባቧ አፍ ሊያስገባ ይታገላል። አልገባም፤ አጥፎ ይሞክራል። ገባ። ይገለብጠዋል፤ አይወጣም። ይነቀንቀዋል፣ ወደ እናቱ ዞሮ «እምቢ አለ» ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ጣቱ፣ ዓይኑ፣ ትዕግሥቱ፣ ቋንቋው ሁሉም እየሠለጠነ ነው። ማንም አላስተማረውም። የእናትየዋ ሥራ ከውሃው ማራቅና ሲያወራት መመለስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለባቸው ይላል። ግቢ ውስጥ መሯሯጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ አኩኩሉ መጫወት ሁሉ ይቆጠራል። የቀን እንቅልፉን የሚያቋርጥ ክላስ ግን ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል።

«ጥሩ ወላጅ ለልጁ ሲል አይደክመውም»

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስትሰፋ የዋለች እናት ማታ ገብታ እንጀራና ወጥ፣ ልብስ አጠባ፣ ሌሊት ደግሞ የሚነቃ ልጅ ይጠብቃታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቤተሰቡ እንደምንም ይወጣዋል። በዚህ ላይ ቅዳሜን ለክላስ ስትሰጥ የምታጣው ያለቻትን ጥቂት እረፍት ነው። የደከመ ሰው ቶሎ ይቆጣል፣ ስልክ ሰጥቶ ዝም ያሰኛል። ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ የሚማረው ከእናትና አባቱ ጋር ሲያወራ ነው። ስለዚህ ቅዳሜን ተኝቶ ማርፈድ ለልጁም ይጠቅማል። አባት ልጁን ይዞ አሞራ ገደል ፓርክ ጦጣ ሊያሳየው ቢሄድና እናት ሁለት ሰዓት ብትተኛ፣ ከየትኛውም ክላስ እመርጠዋለሁ።

ልጁ ተኝቶ እንኳ እናትን እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ለሳምንታት የሚያስለቅስ፣ ምንም ነገር የማያስደስት ስሜት ካለ ግን ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ያስፈልጋል፤ ይታከማል።

«እንግዲያው ክላስ ከንቱ ነው»

እንደዚያም አይደለም። ልጁ ከወደደው፣ ኪስ ካልጎዳ፣ እናትም ከሌሎች እናቶች ጋር ቡና የምትጠጣበት ከሆነ እሰየው። የእናት ብቸኝነት ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ የሚሄድ ወላጅ የሚፈልገው የሕጻናት ማቆያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚጠየቀው አንዲት ተንከባካቢ ስንት ልጅ እንደምትይዝ፣ የት እንደሚተኙና ሲያለቅሱ ማን እንደሚያነሳቸው ነው።

«አፉን ያልፈታ ልጅ ክላስ ቢገባ ይናገራል»

2 ዓመት ሞልቶት እንደ «እማ ነይ» ያሉ ሁለት ቃላትን የማያገናኝ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ካላችሁ ክላስ አትፈልጉ። ወደ ሕጻናት ሐኪም ውሰዱትና ጆሮው ይታይ። በጊዜው ከታወቀ ብዙ ማገዝ ይቻላል።