«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»፦ ለሙዚቃ አስተማሪ ምን ይላል?

ይህ አባባል የሚነገረው የሌላውን ሥራ ከዳር ቆሞ ለሚያቀልል ሰው ነው። ጎረቤቱ ሱቅ ከፍቶ ሲያተርፍ አይቶ ሳይማር ንግድ ውስጥ ለሚገባ፣ «እኔ ብሆን» እያለ የተሾመውን ሁሉ ለሚተች ይባላል። «ሲያዩት ያምር» የሚሉም አሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው። «ያምር፣ ያደናግር» እዚህ «ያምራል፣ ያደናግራል» ማለት ነው። «ሲይዙት» ማንንም ለይቶ አይጠራም፤ ማንም ይሁን ማን የያዘው ይደናገራል።

ምንጩ ከበሮው ራሱ ነው። ሰርግ ላይ ከበሮ የምትመታዋን ሴት ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እጇ ላይ ነው። ከበሮው ትከሻው ላይ ሲንጠለጠል ግን ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ይመጣበታል። ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀኝና ግራ እጅ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። ማንገቻው ይጎትታል፣ እግር መርገጥ አለበት፣ አፍ ዘፈኑን መቀበል አለበት። ምቱም ወጥመድ አለው። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት በስድስት ይቆጠራል (ይህ አንድ ዙር ነው)፤ ክብደቱ 1 እና 4 ላይ ያርፋል። በአራት መቁጠር የለመደ ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ሳይደርስ ይጠፋዋል። «ያደናግር» የተባለው ይኼው ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት፣ ወሎ ውስጥ ወዳሉት የደሴና የኮምቦልቻ የሙዚቃ መማሪያ ክፍሎች እንግባ። የሙዚቃ ትምህርት ፍልስፍናህን ጻፍ የተባለ መምህር አብዛኛውን ጊዜ «ሙዚቃ የአእምሮ ምግብ ነው» ብሎ ይጀምራል። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም፤ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያስተምር ግን አይነግረውም። አባባላችን የተሻለ መነሻ ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ግማሾቹ ምሁራን የተከራከሩባቸው ሁለት አቋሞች ናቸው። አሜሪካዊው ቤኔት ራይመር በ1970 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ሐሳብ ወደ «ያምር» ያደላል፦ ልጁ የድምፅን ውበት ማስተዋልና መሰማት ይማር። ዴቪድ ኤሊየት በ1995 እ.ኤ.አ. መልሶ ወደ «ሲይዙት» ጎተተው፦ ሙዚቃ የሚሠራ ነገር ነው፣ ልጁም እየሠራ ይወቀው። መምህሩ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መማል አይጠበቅበትም። ከማየት ወደ መያዝ ልጁን በምን ደረጃ እንደሚያሻግረው መወሰን ግን ግድ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ተማሪ፣ አንድ ከበሮ፣ 40 ደቂቃ፦ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው፣ ያውም መምህሩ ምንም ካልተናገረ። ስለዚህ የተለመደው መፍትሔ የሚችሉትን ስድስት ልጆች ጠርቶ ለወላጆች ቀን ማዘጋጀት ነው። የቀሩት 54ቱ ዓመቱን ሙሉ ከበሮ በሰው እጅ ሲያምር አይተው ይወጣሉ።

ሌላ መንገድ አለ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ተደፍቶ ቀጭን፣ ባለ 20 ሊትሩ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ከሁለቱም ስድስት ስድስት ከተገኘ አንድ ቡድን ይሠራበታል። ክፍሉን በ12 ልጅ አምስት ቡድን መክፈል ነው፦ አንዱ ጀሪካን፣ አንዱ ጭብጨባ፣ አንዱ እርግጫ፣ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ ደግሞ አዳምጦ የትኛው ቡድን እንደፈጠነ የሚናገር። በየ5 ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ። 25 ደቂቃ ይበቃል፤ የቀረው ለመግቢያና ለማረሚያ ነው።

ደረጃው ከእግር ይጀምር። ግራ እግር 1 ላይ፣ ቀኝ እግር 4 ላይ፤ አፍ ስድስቱንም ይቆጥር። እግር ሳይሳሳት 16 ዙር ሲሄድ ጭብጨባ ይጨመር፤ ጀሪካን ከዚያ በኋላ፣ እውነተኛው ከበሮ መጨረሻ። ፍጥነቱ በደቂቃ 60 እርምጃ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ መምህር ይሳሳታል፤ በሰርግ ፍጥነት ይጀምራል፣ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ከዚያ «እነዚህ ልጆች ተሰጥኦ የላቸውም» ይባላል። ከበሮው ላይ ሲደርሱ ደግሞ የሚያጋጥመው እጅን ቆዳው ላይ መተው ነው፤ ድምፁ ይታፈናል። እጅ ነክቶ መነሳት አለበት፣ ትኩስ ምጣድ እንደሚነካ። መሃሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ልጆቹ ይህን ራሳቸው ቢያገኙት ይመረጣል።

የደሴ ብርድና ጭጋግ ቆዳውን ያላላዋል፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በመስከረም መጀመሪያ ከበሮ «አልጮህ አለ» የሚባለው ስለዚህ ነው። ከክፍለ ጊዜው በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ማቆየት ይበቃዋል። እሳት ላይ ማሞቅ ቆዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ችግሩ ያንሳል።

ስለ ዜማ የአካባቢው መምህር ዕድለኛ ነው፤ የቅኝት (ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ) ስም የሆኑት ባቲ ከተማዋም፣ አምባሰል ተራራውም ቅርብ ናቸው። ለጀማሪ ግን የሚሻለው ትዝታ ሙሉ የሚባለው ቅኝት ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ ልጆችን በአገራቸው የሕዝብ ዜማ ያስጀምር የነበረው በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው፤ እኛ ጋ ሳይሰደዱ ቤት አሉ። አምባሰል (ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ዝቅ ያለ ላ) ይቆይ። በሰባቱ ድምፅ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ) ብቻ ጆሮው የተቀረጸ ልጅ ዝቅ ያለውን ሬ «ያርመዋል»፣ አምባሰሉም ይበላሻል። ወንድ መምህር ደግሞ በራሱ ወፍራም ድምፅ አያስጀምር፤ ልጆቹ ወደ ታች ሲጎተቱ ያጉረመርማሉ።

አንድ ነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት። ወሎ ውስጥ ከበሮ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ድቤ የሚባለው ከበሮ ከሙስሊሞቹ መንዙማ ጋር አለ፤ የሁለቱም ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። በእኛ ግምት ክፍል ውስጥ የሥራና የጨዋታ ዘፈኖች ይበቃሉ፤ አምልኮን ለውጤት ማዘፈን ለማንም አይመችም። ልጄ ከበሮ አይንካ የሚል ወላጅ ቢመጣ ጭብጨባና እርግጫ አሉለት።

ፍልስፍናው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ያልያዘው ልጅ ስለ ከበሮ አይፈተንም። መደናገር የትምህርቱ አካል ነው፣ ነጥብ አይቀነስበትም። ከሩቁ ዜማ በፊት የቤቱን።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የውጤት አሰጣጡን ይቀይራል፦ ከ10 ነጥብ 4ቱ ለ16 ዙር ሳይጠፉ መቆየት፣ 4ቱ ከጠፉ በኋላ ቡድኑን አዳምጦ ተመልሶ መግባት፣ 2ቱ የሌላውን ስህተት ሰምቶ ማመልከት። ተመልሶ መግባትን እንደ ቀጥ ብሎ መሄድ እኩል የሚመዝነው ለዚህ ነው፤ ሰርግ ላይም ከበሮ መቺ ትስታለች፣ ዘፈኑ ግን አይቆምም።

ወረቀቱ ከሳምንታዊ ዕቅዱ ጋር ይታሰር። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በየትኛውም ክፍለ ጊዜ ያልታየውን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ መሰረዝ ነው።