የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ከናዳ፣ ከጎርፍና ከፍሳሽ ጋር

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሜዳዋ ጥቂት በመሆኑ ስትሰፋ ቤቱ ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳርም ወረደ። ክረምት በገባ ቁጥር ላይኛውን ሰፈር የመሬት መንሸራተት፣ ታችኛውን ጎርፍ ያሰጋዋል።

የተዳፋቱ ነዋሪ አደጋውን የሚያነበው ከመሬቱ ጠባይ ነው። በጋውን በደህና ሲዘጋ የከረመ በር ሐምሌ ላይ አልገጥም ሲል፣ የግድግዳው ስንጥቅ ጣት እስኪያስገባ ሲሰፋ፣ ከጓሮ ያልነበረ ምንጭ ሲፈልቅ ወይም ባሕር ዛፉ ወደ ቁልቁል ሲያዘም መሬቱ እየሄደ መሆኑን ይረዳል። ከተራራው ተሸርሽሮ የተከማቸው ልል አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እርስ በርስ መያያዙ ግን ይላላል። ተዳፋቱን ቆርጦ መደልደልና የቤት ፍሳሽን ጓሮ መልቀቅም ያባብሱታል፤ ወቀሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ ላይ ነው።

እያወቁ መቅረትን ከቸልተኝነት መቁጠር አይገባም። ቤቱ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ብቸኛ ጥሪት ነው፤ ከገበያ ርቆ የሚሰጥ ምትክ ቦታ ለጉልት ነጋዴና ለቀን ሠራተኛ እንጀራ አይሆንም። ሰፈር መልቀቅ ደግሞ ለቀብርም ለችግርም ከሚደርሰው ቅሬ (የሰፈር እድር) መነጠል ነው።

መከላከሉ በአብዛኛው በየግቢው ነው። ክረምት ሳይገባ ቦይ ይጠረጋል፣ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ይደረደራል፣ ደፉ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ ይላል፤ አቅም ያለው የድጋፍ ግንብ ያሠራል። ግንቡ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካልተተወለት ከጀርባው የታቆረው ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል። ከላይኛው ግቢ የተመለሰ ጎርፍ የታችኛውን ስለሚያገኘው የክረምት የጎረቤት ሙግት አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ከመንደር እስከ ወንዝ የተያያዘ የጎርፍ መውረጃ እንጂ የግል ግንብ አይፈታውም።

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከጎርፉ ሌላ የፋብሪካ ፍሳሽ አለባት። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በሐምሌ 2009 ከመመረቁ በፊትም የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ ፍሳሻቸውን የሚቀበሉት ጅረቶች ቦርከና ይገባሉ። በወንዙ ዳር ያለ ሰው ውሃውን የሚመዝነው በቀለሙና በጠረኑ ነው፤ ሲደፈርስ ከብቱን ይመልሳል፣ ሲጠራ ለመስኖ ይጠልፈዋል። ቆዳ ማልፊያው ክሮሚየም ግን በጠራ ውሃም ሊኖር ስለሚችል፣ ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።