አዙራይት ምንድን ነው? የድሮ ማዕድን ጉድጓዶች ሰማያዊ ድንጋይ

ሞጣ ያለችው አክስቴ የነሐስና የመዳብ ዕቃ የምታጸዳው በሎሚና በአመድ ነው። አረንጓዴው ዝገት ይለቅና ዕቃው እንደ አዲስ ያበራል። አንድ ጊዜ እሷ ቤት ያስቀመጥኩት ሰማያዊ ድንጋይ አቧራ ለብሶ ብታየው አሳዘናትና እሱንም በሎሚ አሸችልኝ። ስመለስ አንደኛው ጎኑ ደብዝዟል። «ልጄ፣ ድንጋይም ይሟሟል እንዴ?» አለችኝ፣ በጣም አዝና።

አዎ፣ ይሄኛው ይሟሟል። ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ቡና እየጠጣን ያስረዳኋትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ድንጋዩ አዙራይት ይባላል። የመዳብ ማዕድን ነው፣ ሰማያዊነቱም የመጣው ከራሱ ከመዳቡ ነው እንጂ ማንም ቀብቶት አይደለም። ውስጡ ካርቦኔት (የካርቦንና የኦክስጅን ውህድ) አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የምታዩት የኖራ ድንጋይም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል፣ አዙራይትም እንደዚያው። ሎሚ ደግሞ አሲድ ነው። አክስቴ ዕቃዋ ላይ የምትፍቀው አረንጓዴ ዝገት እንኳ ለዚህ ድንጋይ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም መዳብ አየርና እርጥበት ሲያገኘው የሚሆነው ነገር ናቸው።

መሬት ውስጥ መዳብ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከድኝ ጋር ተዋህዶ ነው። የዝናብ ውሃና አየር ከላይ ሰርገው ሲደርሱበት ያ ማዕድን ይበሰብሳል፣ መዳቡ በውሃው ሟሙቶ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ካርቦኔት ሲያገኝ እንደገና ይረጋል። ሁኔታው ከገጠመለት ጥቁር እስኪመስል ድረስ የጠለቀ ሰማያዊ ክሪስታል ሆኖ ያድጋል።

ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚሆነው ውሃና አየር በሚደርሱበት በላይኛው የመሬት ክፍል ነው። ማዕድን ቆፋሪም የሚጀምረው ከላይ ነው። ስለዚህ ሰማያዊው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይወጣና ያልቃል፣ ጉድጓዱ ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር ሌላ ማዕድን ነው የሚገኘው። ድንጋይ ሰብሳቢዎች «ከድሮ ማዕድን ጉድጓድ የወጣ» የሚለውን ቃል የሚያከብሩት ለዚህ ነው። ያ ቦታ ተመልሶ አይቆፈርም። የወጣውም ቢሆን አብዛኛው ለመዳቡ ሲባል ማቅለጫ ምድጃ ገብቷል። ስንቱ ክሪስታል ሽቦ ሆኖ እንደቀረ ሳስበው ያንገበግበኛል። የተረፈው የተረፈው ዓይኑ የገባለት ሠራተኛ በምሳ ዕቃው ይዞት ስለወጣ ነው።

ስመ ጥር የሆኑት ቦታዎች ከኛ ሩቅ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን አጠገብ ያለችው ቼሲ አንዷ ናት። ድንጋዩ በ1824 አዙራይት ተብሎ ከተሰየመ በኋላ እንኳ በሷ ስም ቼሲላይት ይሉት ነበር። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ቢዝቢ አለች፣ ትልቁ ቁፋሮ በ1975 ቆሟል። ለኔ ግን ከሁሉም የምትበልጠው የናሚቢያዋ ጹመብ ናት። እዚያ ውሃው በስንጥቅ እጅግ ወደ ታች ስለወረደ፣ ሰማያዊው ከላይ ብቻ ሳይሆን ጥልቅ ቦታም ተገኝቷል። ከዚያ አንድ ጉድጓድ ከ300 በላይ የማዕድን ዓይነት ወጥቷል። በ1996 ተዘጋና ታችኛው ክፍል በውሃ ተሞላ።

ሌላው የሚገርመኝ ነገር አዙራይት ሰማያዊ ሆኖ ለመቅረት ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው። በጊዜ ብዛት ማላካይት ወደሚባለው ሌላ አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ይለወጣል። አንዳንዴ ቅርጹ ሳይነካ ይለወጣል፣ ማዕዘኑ፣ ጠርዙ፣ ሁሉም የአዙራይት ነው፣ ሥጋው ግን ማላካይት ሆኗል። ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ካያችሁ ለውጡ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ነው።

«እኛ አገር ወንዝ ዳር ሰማያዊ ድንጋይ አገኘሁ፣ እሱ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ጎጃም ደጋው በአብዛኛው ባዛልት ነው። ባዛልት ቀዳዳ ውስጥ ካልሴዶኒ የሚባል ሰማያዊ ቢጤ ጠንካራ ድንጋይ ሊገኝ ይችላል፣ እሱ ግን መስታወት ይጭራል። አዙራይት ለስላሳ ነው፣ ቢላዋ ይጭረዋል። የሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ ላይ ብታሹት ፈዛዛ ሰማያዊ መስመር ይተዋል፣ ሲያነሱትም ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል። ስትገዙ ደግሞ አዙራይት ከሚመስለው ሰው ሠራሽ የመዳብ ሰልፌት ተጠንቀቁ። ደማቅ ሰማያዊ ክሪስታሉ በብርጭቆ ውስጥ በቀናት ያድጋል፣ ውሃ ያሟሟዋል፣ መርዝም ነው። ያማረ ነገር ፍለጋ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ አፈሩ ይደረመሳል፣ የታመቀው አየርም ይገድላል።

ከድንጋዩ እኩል የሚጠበቀው ወረቀቱ ነው። ከየትኛው ማዕድን ጉድጓድ፣ መቼ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ። ወረቀቱ ከጠፋ የጹመቡም የሌላውም አንድ ነው፣ ቆንጆ ሰማያዊ ድንጋይ ብቻ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው አሮጌውን ወረቀት ጥሎ አዲስ ንጹሕ ይጽፋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ፣ አሮጌው እንዳለ ይቀመጥ፣ አዲሱም ይጨመርበት። ድንጋዩን ከሙቀትና ከጠንካራ ብርሃን አርቁት፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱለት።

የኔው አሁን በጥጥ ተጠቅልሎ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። ከሥሩ በቀለም የተጻፈ የደበዘዘ ወረቀት አለ፣ «ጹመብ» ይላል። እኔም በሌላ ወረቀት አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «አንዱ ጎን በሎሚ ታሽቶ የደበዘዘ፣ ሞጣ።»