ፐርኪንስ ምንድን ነው? የሃይስኩል የሙያ ትምህርትን ማን ይከፍለዋል?

አሜሪካ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ካላችሁ፣ ከትምህርት ቤት ከሚላክላችሁ ወረቀት አንዱ ላይ «ሲቲኢ» የሚል ሳታዩ አልቀራችሁም። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ነው፤ መካኒክነት፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት)፣ ኤሌክትሪክ፣ ኔትወርክ፣ ምግብ ዝግጅት። ትምህርቱ ወጪ አለው። ለታሪክ ክፍል ወንበርና መጽሐፍ ይበቃል። ለመካኒክ ክፍል ግን መኪና ማንሻ፣ ለሲኤንኤ ክፍል ደግሞ የሆስፒታል አልጋና የሰው አሻንጉሊት መግዛት ግድ ነው።

ከከፋዮቹ አንዱ ፐርኪንስ ነው። የፌዴራል ሕግ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከኬንታኪው የኮንግረስ አባል ከካርል ፐርኪንስ ነው። ሰውየው በ1984 አረፉ፣ ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ፌዴራል መንግሥቱ ለሙያ ትምህርት ገንዘብ መስጠት የጀመረው ግን ገና በ1917 ነው፤ ያኔ ገንዘቡ ለእርሻ፣ ለእጅ ሙያና ለቤት አያያዝ ትምህርት ነበር። ዛሬ የሚሠራበት በ2018 የታደሰው «ፐርኪንስ 5» ነው።

ገንዘቡ በዓመት ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሲሰሙት ብዙ ነው። ለ50 ስቴት፣ ከዚያም ለየትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ሲከፋፈል ግን ይሳሳል። የአስተማሪውን ደመወዝና ሕንፃውን በዋናነት የሚችሉት ስቴቱና ካውንቲው ናቸው።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ስቴቱ ከሚደርሰው ቢያንስ 85 ከመቶውን ወደ ታች ያወርዳል። ከዚህ ስንቱ ለሃይስኩል፣ ስንቱ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ ስቴቱ ነው። የሃይስኩሉ ድርሻ በአብዛኛው 30 ከመቶው በልጆች ብዛት፣ 70 ከመቶው በድሃ ቤተሰብ ልጆች ብዛት ይደለደላል። ድርሻው 15,000 ዶላር የማይሞላ ትንሽ ዲስትሪክት ብዙውን ጊዜ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣምሮ ይወስዳል።

አንድ ጥሩ ገደብም አለው። ካውንቲው በራሱ ኪስ ይከፍለው የነበረውን ወጪ ወደ ፐርኪንስ ማዞር አይችልም። ገንዘቡ በነበረው ላይ መጨመሪያ እንጂ መተኪያ አይደለም።

«ታዲያ ልጄ የት ያመልክት?» የሚል አይጠፋም። የትም። ፐርኪንስ ስኮላርሺፕ አይደለም፤ የሚሄደው ወደ ትምህርቱ ነው። ሆኖም ሕጉ ለይቶ የሚያያቸው ተማሪዎች አሉ፤ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩና ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡ ይገኙበታል። ለእነሱ ዲስትሪክቱ የክፍያና የትራንስፖርት ወጪን ከዚህ ገንዘብ ማቃለል ይችላል። ይችላል እንጂ የግድ አይባልም፤ ስለዚህ ካልጠየቃችሁ ማንም መጥቶ ላይነግራችሁ ይችላል።

የእኛ ሰው ግን ቀድሞ የሚያነሳው ሌላ ነገር ነው፤ «ልጄን ቴክኒክና ሙያ? ምን አጠፋ?» ይገባኛል። አገር ቤት ለረጅም ጊዜ የ10ኛ ክፍል ፈተና ነጥቡ ፕሪፓራቶሪ ያላስገባው ነበር ወደዚያ የሚላከው። እዚህ አሠራሩ ይለያል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የቶማስ ኤዲሰን ቴክኖሎጂ ሃይስኩል እዩ፤ ልጆቹ የቀኑን ግማሽ እዚያ ሙያ ይማራሉ፣ ሌላውን ግማሽ በመደበኛ ሃይስኩላቸው ሒሳብና እንግሊዝኛቸውን ይቀጥላሉ። ኮሌጅ መግባትን የሚከለክላቸው የለም። የሜሪላንድ ስቴትማ ጭራሽ በ2030–31 የትምህርት ዘመን 45 ከመቶ የሃይስኩል ተማሪዎቹ የሙያ ሰርተፍኬት ወይም አፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ ሙያ መማር) ይዘው እንዲወጡ ግብ አስቀምጧል።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ወላጅም አስተያየት መስጠት ይችላል። ዲስትሪክቶች ቢያንስ በየ2 ዓመቱ የፍላጎት ጥናት ማካሄድ አለባቸው፤ በዚያም ቀጣሪዎችን፣ መምህራንን፣ ተማሪዎችንና ወላጆችን እንዲያማክሩ ሕጉ ያዛል። ለዲስትሪክታችሁ የሲቲኢ ቢሮ ኢሜይል ላኩና ቀጣዩ ጥናት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የሚያስተረጉምላችሁ ሰው ካስፈለጋችሁም አብራችሁ ጠይቁ።