የዋርም ሚክስ አስፋልት ሚክስ ዲዛይን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋርም ሚክስ ከተለመደው ትኩስ አስፋልት ዝቅ ባለ ሙቀት ተመርቶ የሚነጠፍ ድብልቅ ነው። ትኩሱ ከ140 እስከ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲመረት፣ ይኸኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ባለው ይመረታል። ሙቀቱን ለመቀነስ ሬንጁ በውኃ አረፋ እንዲሆን ይደረጋል፣ ወይም ሰም፣ ዚዮላይት (ውስጡ ውኃ የያዘ ማዕድን) ወይም ሌላ ኬሚካል ይጨመርበታል። ሥራው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ ነው። የሚክስ ዲዛይኑን፣ ማለትም የጠጠሩና የሬንጁ መጠን በላቦራቶሪ የሚወሰንበትን ሥርዓት፣ በደንብ መልክ ያስያዘው ግን ኤንሲኤችአርፒ (የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ምርምር ፕሮግራም) 9-43 የተባለው ጥናት ሲሆን፣ ውጤቱ በ2011 ሪፖርት 691 ሆኖ ወጥቷል። አሽቶ (የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ማኅበር) ላወጣው አር 35 የተባለ የዲዛይን ደንብ አባሪም አዘጋጅቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዋና ዋና ገደቦች የዚያ ጥናት ናቸው።

«አዲስ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ሚክስ ዲዛይኑ ከዜሮ ይጀምራል»

አይጀምርም። የጠጠሩ ግሬዴሽን (የትልቁና የትንሹ ጠጠር ምጣኔ)፣ 4 በመቶው የአየር ክፍተት፣ በጠጠር መካከል ያለው ክፍተትና የፊለሩ (የደቃቁ ዱቄት) መጠን ለትኩስ አስፋልት በሚታወቁበት መስፈርት ይቀጥላሉ። ጠጠሩ የሚመጠው ሬንጅ ከ1 በመቶ ካልበለጠ፣ የሁለቱ ድብልቆች የመጠን ስሌት በተግባር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። እንደ ቀዳዳማ ባዛልት ያለ ብዙ የሚመጥ ጠጠር ሲያጋጥም ግን በዚህ ግኝት መተማመን አይቻልም፤ ስሌቱን በታቀደው ሙቀት እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። የሚጨመሩት ፍተሻዎች አራት ናቸው፦ የጠጠሩ መሸፈን፣ የድብልቁ መጠቅጠቅ፣ ውኃን መቋቋምና የጎማ ቦይን (ጎማ በተደጋጋሚ ሲያልፍ መንገዱ ላይ የሚፈጠረውን ጎድጓዳ መስመር) መቋቋም።

«የመደባለቂያና የመጠቅጠቂያ ሙቀት ከቪስኮሲቲ ቻርት ይነበባል»

ብዙ ላቦራቶሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቻርቱ የሬንጁ ቪስኮሲቲ (ውፍረቱ፣ በሴንቲስቶክ የሚለካ) በየሙቀቱ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ መስመር ነው፤ ለትኩስ አስፋልት 170 ሴንቲስቶክ ለመደባለቅ፣ 280 ሴንቲስቶክ ለመጠቅጠቅ ተብሎ ሙቀቱ ከመስመሩ ላይ ይወሰዳል። አረፋ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይከስማል፤ ብዙዎቹ የኬሚካል ተጨማሪዎችም የሬንጁን ቪስኮሲቲ እምብዛም አይለውጡም። ስለዚህ ቻርቱ ስለ ዋርም ሚክስ የሚነግረን ነገር የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በታቀደው የማምረቻ ሙቀት ደባልቁ፤ በፕላኔታሪ ሚክሰር (መቅዘፊያው እየተሽከረከረ ባልዲውን በሚዞር መደባለቂያ) ሲሆን 90 ሰከንድ ያህል። ከዚያ ትልልቆቹን ጠጠሮች አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ሙሉ በሙሉ የተሸፈኑትን ለዩ። ቢያንስ 95 በመቶ መሸፈን አለባቸው። ጥግ ላይ ትንሽ ነጥብ እንኳ ሳይሸፈን የቀረ ጠጠር «ያልተሸፈነ» ተብሎ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የጥቅጠቃው ፍተሻ ይመጣል። ድብልቁን በጃይሬተሪ መጠቅጠቂያ (ናሙናውን እየተጫነ በዝንባሌ በሚያዞር ማሽን) አንዴ በታቀደው የመጠቅጠቂያ ሙቀት፣ አንዴ ከዚያ በ30 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። በየሙቀቱ ድብልቁ የከፍተኛ ቲዮሬቲካል እፍግታውን (ምንም አየር ባይኖረው የሚኖረውን እፍግታ) 92 በመቶ ለመድረስ ስንት ዙር እንደወሰደ መዝግቡ። የዝቅተኛው ሙቀት ዙር ለታቀደው ሲካፈል ከ1.25 መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ በ120 ዲግሪ 20 ዙር፣ በ90 ዲግሪ 24 ዙር ቢወስድ 1.20 ነውና ያልፋል፤ 27 ዙር ከወሰደ 1.35 ስለሚሆን ይወድቃል። ሰም ከ100 ዲግሪ ገደማ በታች መጠንከር ስለሚጀምር፣ በሰም የተሠራ ድብልቅ በዚህ ፍተሻ ሊያዝ ይችላል። ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ችግር የሚታየው ሮለሩ ዘግይቶ ሲደርስ ነው።

የመጨረሻውን የአየር ክፍተት ብቻ ማየት ለምን እንደማይበቃም እዚሁ ላይ ይገባል። ጃይሬተሪ ለሙቀት ለውጥ ብዙም ስሜት የለውም፤ ቀዝቃዛውንም ድብልቅ ገፍቶ ይጨርሰዋል። ልዩነቱን የሚያሳየው የዙሩ ብዛት ነው። በማርሻል (ናሙናውን በመዶሻ በሚመታው የቆየ ዘዴ) የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች 75 ምት መትተው በሁለቱ ሙቀቶች የአየር ክፍተቱን ማነጻጸር ይችላሉ። 1.25 የሚለው ገደብ ግን ለጃይሬተሪ ዙር የወጣ ስለሆነ ወደ ማርሻል አይወሰድም።

«በቀላሉ ስለሚጠቀጠቅ ሬንጅ መቀነስ ይቻላል»

ይህ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት ነው። ተጨማሪው ገብቶ የአየር ክፍተቱ ሲወርድ፣ ስሌቱ «ሬንጅ ቀንስ» የሚል ይመስላል። ጠጠሩን የሚሸፍነው የሬንጅ ንብርብር ሲሳሳ ግን አስፋልቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠጠሩም ይነቀላል። አላባማ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የአስፋልት ቴክኖሎጂ ማዕከል ቀደም ባሉት ጥናቶቹ የሬንጁ መጠን ተጨማሪው ሳይገባ እንዲወሰን የመከረው ለዚህ ነው።

«የተጨማሪው መቶኛ ምንጊዜም ከድብልቁ ነው የሚሰላው»

እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሰም ከሬንጁ ክብደት፣ ዚዮላይት ከጠቅላላው ድብልቅ ይሰላል። ለ4,700 ግራም ናሙና 5 በመቶ ሬንጅ 235 ግራም ነው። 1.5 በመቶ ሰም ማለት 3.5 ግራም ሲሆን፣ ከድብልቁ ቢሰላ 70 ግራም ተኩል ይሆን ነበር፤ ሃያ እጥፍ። 0.3 በመቶ ዚዮላይት ደግሞ 14.1 ግራም ነው። ታድሶ የሚገባ አሮጌ አስፋልት ካለ፣ በውስጡ ያለው ሬንጅም በስሌቱ ይካተታል። የመጠቅጠቂያው ሙቀትም ከአሮጌው ሬንጅ የላይኛ የሙቀት ግሬድ (ሬንጁ ጥንካሬውን ይዞ የሚቆይበት ከፍተኛ ሙቀት) በላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ አሮጌው ከአዲሱ ጋር አይዋሃድም። ለአረፋ የሚሆን ውኃን በጆግ ማፍሰስ አረፋ አይሆንም፤ የላቦራቶሪ የአረፋ ማሽን ያስፈልጋል።

«ሙቀት ከቀነሰ ሬንጁ ስለማያረጅ ሁሉም ጥቅም ነው»

ለስንጥቅ ጥሩ ነው፤ ለጎማ ቦይ ግን ያሰጋል። ትኩስ አስፋልት በምርት ጊዜ ትንሽ አርጅቶ ስለሚጠነክር ነው ከባድ መኪና የሚሸከመው። ስለዚህ ናሙናው ከመጠቅጠቁ በፊት ኦቨን ውስጥ የሚቆየው በመጠቅጠቂያው ሙቀት ለ2 ሰዓት ነው፤ በልማድ 135 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ4 ሰዓት ከተተወ ሜዳ ላይ የማይኖር ጥንካሬ ያሳያል። የጎማ ቦይን መቋቋም የሚለካው በፍሎው ነምበር ፍተሻ ነው፤ ይህም ናሙናው ቅርጹ በፍጥነት መበላሸት እስኪጀምር የተሸከመው ተደጋጋሚ ጭነት ብዛት ነው። የሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት መንገዱ በዕድሜው ለሚሸከመው ከ3 እስከ 10 ሚሊዮን መደበኛ አክስል (የከባድ መኪና ጭነት መቁጠሪያ) 30፣ እስከ 30 ሚሊዮን 105፣ ከዚያ በላይ 415 ነው። ካላለፈ አንድ ግሬድ ጠንከር ያለ ሬንጅ መሞከር ወይም የማምረቻውን ሙቀት ከፍ ማድረግ ይገባል።

«በላቦራቶሪ ውኃን ከተቋቋመ በፕላንትም ይቋቋማል»

ፍተሻው የሚታወቀው ነው፦ 7 በመቶ የአየር ክፍተት ካላቸው ናሙናዎች ከፊሎቹ ውኃ ጠጥተው፣ በረዶ ሆነው፣ በ60 ዲግሪ ውኃ ለ24 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በማሽን ተጨምቀው ይሰነጠቃሉ። ጥንካሬያቸው ከደረቁት ቢያንስ 80 በመቶ መሆን አለበት። ሆኖም የላቦራቶሪው ጠጠር በኦቨን የደረቀ ነው። ፕላንት (የአስፋልት ማምረቻው) ላይ በተቀነሰ ሙቀት በማድረቂያው ከበሮ ውስጥ የሚያልፍ እርጥብ ጠጠር ውስጡ ውኃ ይዞ ሊወጣና ሬንጁ በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። ክምሩን በጣራ ማስጠለል፣ የጠጠሩን እርጥበት በየጠዋቱ መለካት፣ ከመጀመሪያው የፕላንት ምርት ናሙና ወስዶ ይህንኑ ፍተሻ መድገም የዲዛይኑ አካል መሆን አለበት።