የፍሬን ዘይት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን ሲያልፍ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይቀበለዋል። የፍሬን ዘይት ዋናው ፈተና እዚያ ነው። ጋራዥና መናኸሪያ ስለዚህ ዘይት ብዙ ይወራል። አንዳንዱ ወሬ ሰው የሚጨርስ ነው።

«ኮፈኖ ከፍቼ አይቻለሁ፣ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ሙሉ ነው»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በክዳኑም በጎማ ቱቦዎቹም በኩል ቀስ እያለ ይገባበታል። ጣና ዳር ክረምቱን የከረመ መኪና ደግሞ እርጥበት አያጣም። አዲስ ዶት 3 ዘይት (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መለያ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃው 3.7 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ዘይቱ ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ሲጫኑት ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዕቃው ያን ጊዜም ሙሉ ነው! ስለዚህ አምራቹ ሌላ ካላለ በየ2 ዓመቱ ያስቀይሩት። በረሃውንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

«ከቀነሰ መጨመር ነው»

መጀመሪያ ለምን እንደቀነሰ ይታይ። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። በላዩ ሞልተው በኋላ አዲስ ሸራ ካስገቡ ዘይቱ ሊገነፍልና የመኪናውን ቀለም ሊልጥ ይችላል። ሸራው ደህና ሆኖ ከቀነሰ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። የጎማዎቹን የውስጥ ጎንና የፍሬን ፖምፓውን ያሳዩ። ሳይጠገን ከከተማ አይውጡ፣ እባክዎ።

«ዘይት ያው ዘይት ነው»

አይደለም። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) ያሳብጣል፣ ያበላሻል። በስህተት ከገባ ፍሬኑን ሳይረግጡ መኪናውን ጋራዥ ያስጎትቱ።

«ዶት 5 ከዶት 4 ይበልጣል»

ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን ይግዙ።

«ቀለሙ ካልጠቆረ ደህና ነው»

ውሃ የያዘ ዘይትም ጠርቶ ሊታይ ይችላል። መለኪያ ያለው መካኒክ ይለካልዎ።

«ከባለፈው የተረፈ አለኝ»

ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ እርጥበቱን ስቦ ጨርሷል። ትንሹን፣ ያልተከፈተውን ይግዙ።