ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው ቱሪስት ነው?

ይህ ጥያቄ በአስጎብኚዎችና በሆቴል ሠራተኞች ዘንድ ደጋግሞ ይነሳል። መልሱ አጭር ነው፦ ካደረ፣ አዎ።

የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ትርጉም ግልጽ ነው። ሰውየው ከሚኖርበት አካባቢ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል። ቆይታው ከአንድ ዓመት ያንሳል። በሄደበት ቦታ ለመቀጠር አልመጣም። በቃ፣ ቱሪስት ነው። የመጣው ለመዝናናት ይሁን ለመሳለም ለውጥ የለውም። ዜግነትም አይወስነውም። ሳያድር የሚመለሰው ግን የቀን ጎብኚ ይባላል።

ሦስት ሰዎች ለጥምቀት ሰሞን ጎንደር ገቡ እንበል። አንዷ ከዋሽንግተን መጥታ እናቷ ቤት አርፋለች። አንዱ የፋሲል ግቢን ሊያይ ከጀርመን መጣ። ሌላው ከደብረ ማርቆስ ለስብሰባ መጣ። ሦስቱም ቱሪስቶች ናቸው።

አገልግሎቱ ግን ለየቅል ነው። ጀርመናዊው ታሪኩን አሳምሮ የሚተርክለት አስጎብኚ ይፈልጋል። ስብሰባተኛው ጸጥ ያለ ክፍልና ደረሰኝ ይበቃዋል። ልጅቷ የምትፈልገው ምናልባት አሮጊት እናቷን ሳያንገላታ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ የሚያደርስ መኪና ነው። እሷን "የአገር ልጅ ናት" ብሎ ችላ ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ እሷም እንግዳ ናት።

የመግቢያ ዋጋ ከዚህ ትርጉም ጋር አይያያዝም። እሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በሩ ላይ መጠየቅ ነው።